የአያ ጅቦ ፊልም

ተረት ተረት፣ አውሬ ሁሉ ፊልም በሚጠብቅበት ዘመን ነው አሉ። የቆዳ ነጋዴው የአያ ጅቦ የሕይወት ታሪክ በፊልም ሊወጣ ነው ተብሎ ጫካው በጉጉት ሰነበተ። እናቷን በልቶ በቆዳዋ ንግድ የጀመረባት አህያ ብቻ፣ ወሬው በተነሳ ቁጥር ጥላ ትሄድ ነበር።

አንድ ቀን ፊልም ሠሪዋ እመት ጦጣ መጣችና፣ «እናትሽን ሆነሽ ትሠሪልናለሽ። ‹ቆዳዬ መነሻ ይሁንህ› ብለሽ ጅቡን መርቀሽው፣ እንዲበላሽ በፈቃድሽ ትተኚለታለሽ» አለቻት።

«እናቴ እየጮኸች ነው የሞተችው» አለች አህያ። «ለመሆኑ ጅቡን የሚሆነው ማነው?»

«እሳቸው ራሳቸው ናቸዋ። ማን እንደሳቸው ይችልበታል?»

አህያዋ ጀርባዋን ሰጠቻት። ጦጣ አኩርፋ የምትሄድ መስሏት ካሜራዋን እንዳነገበች ተጠጋቻት፤ አህያዋ የዞረችው ግን ለርግጫ ነበር።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን ግን በዚያ ቆዳ አታብሱ።