ማንም ያልተቀመጠበት የአያ ወስፌ ወንበር

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ የቆማችሁ ተቀመጡ፣ የተቀመጣችሁ ጠጋ በሉ፣ የምታንቀላፉም ቢያንስ አታንኮራፉ።

ድሮ ድሮ፣ መኪና ቤንዚን መጠጣት ትታ መብራት መብላት በጀመረችበት ዘመን፣ አያ ወስፌ የሚባል ጃርት ነበር። ድንች አምራች ነው። ከአፍንጫው ጫፍና ከእግሩ በስተቀር መላ አካላቱ እሾህ ነው። ሚስቱ እመት ስንዱም ጃርት ናትና እሷም እንደዚያው። ሁለቱ አንድም ቀን ተቃቅፈው አያውቁም፤ ግን በጣም ይዋደዳሉ።

እመት ስንዱ ጉልበቷን ታመመች። ስትነሳ «እሪ!» ስትቀመጥ «ወይኔ!» ሆነ ኑሮዋ። መድኃኒቷ ከወንዙ ማዶ ያለው ፍል ውሃ ነው ተባለ። ወንዙ ደግሞ ክረምት ሲገባ ይሞላል፤ አንዴ ከሞላ እስከ መስከረም ማንንም አያሻግርም። እንግዲህ ዝናቡ ሳይጥል ካልተሻገረች፣ ክረምቱን በሙሉ «እሪ!» እና «ወይኔ!» እያለች ልትከርም ነው። በእግሯ እንዳትሄድ ጉልበቷ እምቢ አለ።

«አይዞሽ ስንዱዬ» አለ አያ ወስፌ፤ «መኪና እገዛልሻለሁ።»

ጎተራው ውስጥ አራት መቶ ጆንያ ድንች ነበረው። ዘሩንም ጨምሮ።

ወደ መኪና ሻጩ ሄደ። መኪና ሻጩ እስስት ነው። አቶ እስስት ከቀይ መኪና አጠገብ ሲቆም ይቀላል፣ ከነጭ መኪና አጠገብ ሲቆም ይነጣል፣ ገንዘብ የሌለው ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ጭራሹን አይታይም። አያ ወስፌን ባየ ጊዜ ግን ደህና አድርጎ ታየ።

«ይህችኛዋ ስንት ናት?» አለ አያ ወስፌ።

«መቶ ጆንያ።»

«ያችኛዋስ?»

«አራት መቶ ጆንያ።»

አያ ወስፌ ሁለቱን መኪኖች ዞሮ ዞሮ አያቸው። ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አይገዛም።

«የዚህችኛዋ ጎማ ስንት ነው?»

«አራት።»

«የዚያችኛዋስ?»

«አራት።»

«ይህችኛዋ አንዴ መብራት ከበላች የት ትደርሳለች?»

«ፍል ውሃው ደርሳ ትመለሳለች።»

«ያችኛዋስ?»

«ፍል ውሃው ደርሳ ትመለሳለች።»

«ታዲያ ሦስት መቶው ጆንያ የምንድን ነው?»

አቶ እስስት ግራ ቀኙን አየ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

«የውስጧ ነው» አለ።

በሩንም ከፈተው። አያ ወስፌ አፉን ከፈተ። ወንበሩ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ ነጭ ቆዳ ነው፤ ሲበርድ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀዘቅዛል፣ ወገብም ያሻል። ምንጣፉ እንደ በግ ግልገል ነጭ ፀጉር ነው። ጣራው ከፈይ ሆኖ ትንንሽ ኮከቦች ተተክለውበታል። የውስጡ መብራት ስልሳ አራት ዓይነት ቀለም ይቀያይራል፤ አቶ እስስትም እያንዳንዱን ለማሳየት አብሮ መለወጥ ጀመረና ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ደክሞት ተወው። ፊት ለፊት የመስኮት ያህል ስክሪን አለ። ስክሪኑ በባሕር ማዶ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» አለ አያ ወስፌ።

«እኔም አላውቅም» አለ አቶ እስስት፤ «ግን ርካሽ ነገር እንዲህ አይናገርም።»

አያ ወስፌ አሳማኝ ሆኖ አገኘው። ያም ሆኖ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ነበረው።

«ይቅርታ ጌታው፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጡበታል?»

«ጋሼ!» አለ አቶ እስስት በሐዘን፤ «መቀመጥማ ድንጋይ ላይስ ይቀመጡ የለም እንዴ?»

አያ ወስፌ አፈረ። ድሃ መስሎ መታየቱ ቆረቆረው። አራት መቶውን ጆንያ አስጭኖ ቁልፉን ተቀበለ።

አሁን እንዴት ይንዳት? በጀርባው እሾህ፣ በጎኑ እሾህ፣ መቀመጫውም እሾህ። ቢቀመጥ ያ ቆዳ ወንፊት ሊሆን ነው። አሰበ፣ አሰበ፤ ከጎረቤት በርጩማ ተውሶ ከወንበሩ ፊት፣ ከእግር መርገጫው ላይ፣ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠና እዚያች ላይ ኩርምት አለ። ከውጭ የሚታየው የአፍንጫው ጫፍ ብቻ ነበር። የመንደሩ ሰው ነጂ የሌላት መኪና መጣች ብሎ አጥር ዘለለ።

እመት ስንዱ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ዕቃዋን ጠቅልላ ጨርሳለች። ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል።

«እልልል! እንዴት ያለች መኪና ናት! በል በሩን ክፈትልኝ።»

አያ ወስፌ ከፈተላት። ወንበሩ ከፋብሪካ የለበሰውን ላስቲክ እንደለበሰ ነው። ልትቀመጥ ዝቅ ስትል ላስቲኩ «ቋ!» አለ።

«ቆይ! ቆይ! አትቀመጪ!» ብሎ ጮኸ አያ ወስፌ፤ «ወጋሽው!»

«ታዲያ የት ልቀመጥ?»

«ልብስ እገዛለታለሁ፤ ነገ እንሄዳለን።»

ያን ጊዜ ወንበሩ ተናገረ። «አያ ወስፌ፣ እባክህ እሷ ትቀመጥብኝ። እኔ እኮ የተሠራሁት ለዚሁ ነው።»

«አንተ ዝም በል፤ ላንተው አዝኜ ነው።»

«ልክ ብለሃል ጌታዬ!» አለ ላስቲኩ፤ «እኔ ከተነሳሁ መኪናዋ አዲስ መሆኗን ሰው በምን ያውቃል?»

ስክሪኑም በባሕር ማዶ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። አያ ወስፌ «አየሽ፣ እሱም ይስማማል» አለ።

በማግስቱ የወንበር ልብስ በዱቤ ገዝቶ መጣ፤ ወፍራም፣ አበባ ያለው። በላስቲኩ ላይ አለበሰው። እመት ስንዱ ምርኩዟን ይዛ ወጣች። ሰማዩ የባሰ ጠቁሯል። ዝቅ ስትል ልብሱ «ቀጭ!» አለ፣ ላስቲኩም «ቋ!» አለ።

«ቆይ! ቆይ! እሾህሽ አለፈ እኮ!»

«ወስፌ፣ ጉልበቴን!»

«ጉልበትሽማ ይድናል ስንዱዬ፤ ቆዳ ከተበሳ ግን ይድናል?»

ስክሪኑ ይህን ሲሰማ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረ። ወንበሩም ከልብሱ ሥር፣ ከላስቲኩ ሥር፣ በታፈነ ድምፅ፣ «እኔ አብሬው ስላደግሁ ቋንቋውን እሰማለሁ» አለ፤ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚለው ‹እባካችሁ ተቀመጡ› ነው።»

«እሱ የእኛን አገር አያውቅም» አለ አያ ወስፌ።

በሦስተኛው ቀን ፍራሽ አመጣ። በልብሱ ላይ ፍራሹን ደረበ። አሁንስ ምንም እሾህ አያልፍም። እመት ስንዱ «እሪ!» እያለች ወጣች፣ «ወይኔ!» እያለች ተቀመጠች፤ ቀና ስትል ጣራው «ኮከቦቼን! ኮከቦቼን!» ብሎ ጮኸ። ከፍራሹ በላይ የቀረው ቦታ ለአንዲት ዶሮ እንኳ አይበቃም ነበር።

«ውረጂ! ውረጂ!» አለ አያ ወስፌ።

ሰማዩም ጓ! አለ።

በዚያው ቅጽበት አህያዋ እትዬ ደብሪቱ ጋሪዋን እየሳበች በደጅ አለፈች።

«እትዬ ደብሪቱ! ወዴት ነሽ?» አለች እመት ስንዱ።

«ማዶ። ወንዙ ሳይሞላ ልሻገር ብዬ እየሮጥሁ ነው።»

«ጋሪሽ ወንበር አለው?»

«ጣውላ አለው።»

«እሾህ ቢወጋውስ?»

«እህቴ፣ ሚስማር ተመትቶበት ዝም ያለ ጣውላ ነው!»

እመት ስንዱ ከመኪናዋ ወረደችና ጋሪው ላይ ወጣች። ጣውላው «እንኳን ደህና መጣሽ፤ ትንሽ እሻክራለሁ ይቅርታ» አላት። ጋሪው ቀጭ ቋ፣ ቀጭ ቋ እያለ ሄደ።

አያ ወስፌ ሚስቱን እንዲሁ ጥሎ የሚቀር ሰው አይደለም። በርጩማው ላይ ኩርምት ብሎ በኋላ በኋላ ተከተላት። ጋሪው ወንዙን ተሻገረ፤ ውሃው ገና ከእትዬ ደብሪቱ ጉልበት አልደረሰም። አያ ወስፌ ግን ዳር ላይ ሲደርስ መኪናዋን አቆመና ወርዶ የውሃውን ጥልቀት ሊለካ ሄደ። ለካ። ተመለሰ። በሩን ከፈተ። እግሩን ሊያነሳ ሲል ምንጣፉን አየ። ከዚያ እግሩን አየ።

እግሩ ጭቃ ነው።

«ና እንጂ ወስፌ!» አለች ሚስቱ ከማዶ፤ «ውሃው እየመጣ ነው!»

«እግሬን ልታጠብ!»

እግሩን ታጠበ። የታጠበውን እግር መሬት ላይ ሲያሳርፍ መሬቱ ጭቃ ነው። እንደገና ታጠበ። እንደገና ጭቃ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊታጠብ ዞር ሲል ውሃው ራሱ እየደነፋ መጣለት።

«መኪናዋን ተዋትና በእግርህ ና!» አለች እመት ስንዱ።

«አራት መቶ ጆንያ ጥዬ?»

«እኔስ?»

አያ ወስፌ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት የወንዙ ድምፅ መልሱን ዋጠው። ወንዙ ሞላ። እመት ስንዱ ማዶ፣ አያ ወስፌ ወዲህ።

ዝናቡ ወረደ። ወደ ቤቱ እንዳይመለስ መኪናዋን ለማን ይተዋት? ወደ ውስጥ እንዳይገባ እግሩ ጭቃ ነው። ብልህ ሰው መላ አያጣም፤ መኪናዋ ሥር ገባ። እዚያም ከረመ። ሰኔን ከረመ፣ ሐምሌን ከረመ፣ ነሐሴን ከረመ። ሲርበው ሥራ ሥር ይቆፍራል፤ በቆፈረ ቁጥር እግሩ ይብስ ይጨቀያል።

ወንበሩ በወለሉ በኩል ይጠራዋል።

«አያ ወስፌ፣ እዚህ ደረቅ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ ይሞቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ወገብህን ላሽልህ።»

«ማሸትህንማ አውቃለሁ! ሦስት መቶ ጆንያ የከፈልሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

አንድ ቀን ኤሊ በዚያ ስታልፍ አየችው።

«አያ ወስፌ፣ ምን ታደርጋለህ?»

«መኪናዬን እጠብቃለሁ።»

«ከማን?»

«እግሩ ጭቃ ከሆነ ሁሉ።»

«የአንተስ እግር?»

«ለዚህ አይደል ውጭ ያለሁት!»

ኤሊ መንገዷን ቀጠለች። ኤሊ ስትሮጥ ታይታ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ሳቋ እንዳይሰማ ፈጠን አለች።

መስከረም ጠባ፤ ወንዙ ጎደለ። እመት ስንዱ በገዛ እግሯ ተሻግራ መጣች። እየተራመደች ቢባል ውሸት ነው፤ እየጨፈረች ነው የመጣችው። ሦስት ወር ፍል ውሃ ተነክራ ጉልበቷ እንደ ሙሽራ ጉልበት ሆኗል። መኪናዋ ዙሪያ ባሏን ብትፈልግ አጣችው። ጎንበስ ብላ ከሥር አየችው።

«ወስፌ! ተነስ እንጂ!»

አያ ወስፌ ሊነሳ ሞከረ። «እሪ!» አለ። ቁጭ ሊል ሞከረ። «ወይኔ!» አለ። የክረምቱ ብርድ ጉልበቱ ውስጥ ገብቷል።

እመት ስንዱ ወገቧን ይዛ አየችው። ከዚያ የመኪናዋን በር በረገደችው። ፍራሹን ወረወረች፣ ልብሱን ገፈፈች፣ ላስቲኩን «ጌታዬ! ጌታዬ!» እያለ ከላይ እስከ ታች ቀደደችው፣ በርጩማውን አሽቀነጠረች፤ በጭቃ እግሯም ነጩን ምንጣፍ ረግጣ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። እሾኋ በሙሉ ገባ።

«እፎይ!» አለ ወንበሩ።

«እፎይ!» አለች እመት ስንዱ።

ሞቃት። ወገቧንም አሻት። ሦስት መቶው ጆንያ ሥራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

«እውነትም ግሩም ወንበር ነው!» አለች፤ «ና ግባ ወስፌ፣ አሁን ደግሞ አንተን ፍል ውሃ ልውሰድህ።»

«በምን እግሬ? ጭቃ እኮ ነኝ!»

«ምንጣፉ አንዴ ተበላሽቷል፤ ግባ።»

«የአንቺ በኩል ይሁን፤ የእኔ በኩል ግን አዲስ ነው።»

ለመነችው። ተቆጣችው። እንደገና ለመነችው። እሱም ሦስቴ እምቢ አለ፤ አቋም ያለው ሰው ነው። በመጨረሻ እመት ስንዱ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፈተች። አያ ወስፌ እዚያስ ምንም የሚበላሽ ነገር እንደሌለ አይቶ ደስ አለው፤ «እሪ!» እያለ ወጣ፣ «ወይኔ!» እያለ ከትርፍ ጎማው ጎን ተጋደመ። ክዳኑም ተዘጋበት።

መኪናዋ ወንዙን ተሻገረች። ከፊት ሳቅና ዘፈን፣ ከኋላ «ቀስ! ቀስ! እንዳትጭሪያት!» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ ውድ የመኪና ውስጥ ዋጋው ይገባዋል ወይስ አይገባውም ለምትሉ፣ እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ብጠይቅ አድልዎ ይሆናል። ወንበር ላይ የሄደችው ይገባዋል ትላለች፤ ከጎማው ጋር የሄደውም ይገባዋል ይላል። ነገሩን እንዲህ ብላችሁ ያዙልኝ፦ በዕቃው ላይ መቀመጥ የፈራ፣ ራሱ ዕቃ ሆኖ ይጫናል።

እኔ አወራሁ፣ እናንተ ሰማችሁ፤ ተረቴም እዚህ ላይ ወረደች።