የዛሬ ዓመት ቀጠሮ

ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንዲት ምላሰኛ ባልቴት ጡታቸው ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት ዳሰሱ። ካንሰር እንደሆነ፣ ግን ገና እንዳልተሰራጨ ሲነገራቸው ቶሎ ሊያስወጡት ቸኩለው የሆስፒታሉን አራት ፎቅ በእግራቸው ወጡ።

በትዕቢቱ የታወቀው ዶክተር ይርዳው ግን ቀና ብሎ እንኳ ሳያያቸው፣ ተማሪዎቹ እየሰሙ፣ «እማማ፣ የቀረችዎት ዕድሜ ለቀዶ ጥገና አትበቃም። አርፈው ይቀመጡና የዛሬ ዓመት ተመልሰው ይምጡ» አላቸው።

ባልቴቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለመታከም አትበቃም ያልካት ዕድሜ፣ ልጄ፣ ለቀጠሮህ እንዴት በቃች?» አሉት።

ተማሪዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ዶክተሩም አፍሮ ራሱም ሳቀ፤ ከቀጠሮ ወረቀቱ ላይ «የዛሬ ዓመት» የሚለውን ሰርዞ «ሐሙስ» ብሎ ጻፈ።

ባልቴቷ ወረቀቱን ተቀብለው፣ «ለሐሙስስ እደርሳለሁ» አሉ።