ቀበሮና በቦይ የለቀቃቸው ቅሎች

አንድ ጊዜ በተራራ አናት ላይ የሚኖር አንበሳ፣ ቆላ የሚኖሩ አሮጊት እናት ነበሩት። እናቲቱ አድነው መብላት ስለተሳናቸው በየማለዳው ቋንጣ ይላክላቸዋል። ቋንጣው በትንንሽ ቅሎች ይከተትና አፋቸው በሰም ይደፈናል፤ ከዚያ ቅሎቹ ወደ ቆላ በሚወርደው የውሃ ቦይ ላይ ይለቀቃሉ። ታች ያለችው ኤሊ እየለቀመች ለእናቲቱ ታቀርባለች።

ላኪው ቀበሮ ነበር። ሥራውን ቶሎ ጨርሶ ጥላ ሥር መጋደም ስለሚወድ፣ ቅሎቹን ሁሉ በአንዴ ይዘረግፋቸዋል።

አንድ ቀን ኤሊ በወፍ አፍ መልእክት ላከች። «ከተላከው ብዙው አልደረሰም። እሜቴ ጦማቸውን እያደሩ ነው።»

ቀበሮ ደነገጠ። የጎደለውን ልተካ ብሎ በማግስቱ እጥፍ አድርጎ ለቀቀ። ከበፊቱም ያነሰ ደረሰ። አሁንም ጨመረ፤ አሁንም ባሰ።

ቢጨንቀው ቦዩን ተከትሎ ወረደ። ከቁልቁለቱ ሥር፣ በጅብ ዋሻ ደጃፍ፣ የተሰባበረ ቅል ተከምሮ አየ። ያን ጊዜ ልቡ መለስ አለለት። ጥፋቱ የሌላ ነው!

ጅብ ተይዞ ችሎት ቀረበ።

«አያ ጅቦ፣ የእናቴን ጉርሻ ትቀማለህ?» አለ አንበሳ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ቦዩ አጠገብ ደርሼ አላውቅም። ቅሉ ራሱ እየተንከባለለ ደጄ ይመጣል። ሲመጣ እበላለሁ።»

አራዊቱ በሳቅ ፈነዱ። «እግር አውጥቶ ነዋ!» አለች ጦጣ።

ቀበሮም አብሮ ሳቀ። «ጌታዬ፣ ሥጋ ጠፍቶ ቅሉ ከጅብ ደጅ ከተገኘ ምን ምስክር ያስፈልጋል?»

ጅብ ራሱን አከከ። «እንግዲህ ሁላችሁም ካላችሁ፣ በእንቅልፍ ልቤ ሄጄ ሰርቄ ይሆናል» አለ። ልጆቹ ይህን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

አንበሳም ጅብ ከነልጆቹ አገር ለቆ እንዲሄድ ፈረደ።

ጅብ በወጣ ማግስት ቀበሮ እፎይ ብሎ ቅሎቹን እንደ ልማዱ ዘረገፈ። ወፏ ግን ተመልሳ መጣች። «ዛሬም ጎድሏል።»

ቀበሮ በማግስቱ አንድ ቅል ብቻ ለቀቀና በዳር በዳር እየሮጠ ተከተለው። በደህና ደረሰ። ሌላ ለቀቀ፤ እሱም ደረሰ። ቀጥሎ የቀሩትን በአንዴ ዘርግፎ ሮጠ። ቦዩ በሁለት አለቶች መካከል ከሚጠብበት ቦታ ሲደርስ የፊተኞቹ ተጨናንቀው አለቱ መሃል ተቀርቅረዋል። ውሃው ከኋላ ሞላ፤ ሞልቶም ዳሩን ተሻገረ። ኋለኞቹ ቅሎች ከውሃው ጋር ፈሰሱና ቁልቁለቱን እየተንከባለሉ ወረዱ፤ በቀጥታ ወደ ጅብ ደጅ።

«ወይኔ!» አለ ቀበሮ። ግራ ቀኙን ተመለከተ። ያየው የለም።

በነጋታው ቅሎቹን አንድ በአንድ፣ ፋታ እየሰጠ ለቀቀ። ሁሉም ደረሱ። አንበሳ በጉባኤ ፊት ጠራው። «ሌባውን አስወጥተህ እናቴን አበላህ። ተባረክ!» አለው።

ምርቃቱ ቀበሮን እንደ እሳት ለበለበው። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«ጌታዬ፣ ሌባ አልነበረም» አለ ድምፁ እየሰለለ። «ቦዩ ከሚችለው በላይ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ቅሎቹ በራሳቸው ነው የተንከባለሉት።»

የሳቀ አልነበረም። አንበሳም «የፈረድኩትም እኔ ነኝ። ሂድ፣ መልሰው» አለ።

ቀበሮ ሮጦ ጅብን ከአገሩ ዳርቻ፣ ከእሾህ ቁጥቋጦ ሥር ደረሰበት። ስለ ቦዩ ጥበት ቢነግረው ጅብ አልገባውም።

«ታዲያ እኔ አልሰረቅሁም ማለት ነው?»

«አልሰረቅህም፣ አያ ጅቦ። የበላኸው እኔ ያንከባለልኩልህን ነው።»

ጅብ ወደ ልጆቹ ዞረ። «እንግዲያው ለእነሱ ንገርልኝ። እኔ ብላቸው አላመኑኝም።»

ቀበሮ በትንንሾቹ ጅቦች ፊት ተንበረከከ። በችሎት እንደዚያ የተፍታታው ምላሱ አሁን እየተሳሰረ፣ «አባታችሁ አልሰረቀም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አላቸው።

ከዚህ የምንማረው፣ የላክነው ሳይደርስ ሲቀር በመንገድ ያለውን ሌባ ከማለታችን በፊት፣ መንገዱ ከሚችለው በላይ የጫንበት የራሳችን እጅ እንዳይሆን አስቀድመን መመርመር እንዳለብን ነው።