የሁለቱ ማሽኖች ጠባይ

ኩሩው ሥራ አስኪያጅ አቶ ድልነሳው ምላሰኛዋን የኮምፒውተር ሠራተኛ በስብሰባ መሀል አስነሷት።

«ዋናው ፋይል የት እንዳለ የሚጠቁመውን ፋይል ቆልፊ አልኩሽ። በአሮጌው ማሽን ጠቋሚው ብቻ ተቆለፈ፤ በአዲሱ ግን ትእዛዙ ጠቋሚውን አልፎ ዋናውን ቆለፈው። አንድ ትእዛዝ እንዴት ሁለት ጠባይ ይኖረዋል? በሚገባኝ ቋንቋ አስረጂኝ፤ አለዚያ ዕቃሽን ሰብስቢ!»

እሷም እጅ ነስታ እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ እኔም የእርስዎ ጠቋሚ ነኝ። ሥራው አምሮ ከበላይ ምስጋና ሲላክ እኔን አልፎ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል። ሥራው ተበላሽቶ ቁጣ ሲላክ ግን እኔው ላይ ይቆማል። ታዲያ በማሽኖቹ ምን ይፈርዳሉ? ሁለቱም ያደጉት እዚሁ መሥሪያ ቤት ነው።»