ቤት ያጣው የአቶ ልሳነወርቅ ሳቅ

ወንበር ያለው ይቀመጥ፣ የሌለው ይቁም፤ ወንበርማ በዚህ ተረት ውስጥ ብዙ ጣጣ ያመጣል። የምነግራችሁ ስለ አንድ ሳቅ ነው። የምነግራችሁም ተናድጄ ነው፣ አንዲት ሴት የሟች ባሏን ሳቅ ለመስማት ይህን ያህል መንከራተት አልነበረባትምና።

አሰላ ውስጥ እትዬ ባፈና የሚባሉ ሴት ነበሩ። ባለቤታቸው አቶ ልሳነወርቅ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗል። ፎቷቸው ግድግዳው ላይ አለ፣ ኮታቸው ከበሩ ጀርባ አለ፣ ሳቃቸው ግን ከእትዬ ባፈና ጆሮ ቀስ በቀስ እየጠፋ ነው። አንድ ጠዋት ሊያስታውሱት ሞከሩ፤ አልመጣላቸውም። ደነገጡ፣ ከዚያም ተቆጡ፤ የሳቸው ድንጋጤ መቼም ወደ ቁጣ ለመለወጥ ጊዜ አይፈጅበትም። ሳቁ ያለው በልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ ውስጥ ነው። ቪዲዮው ያለው አሮጌው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፣ ሌላ ቅጂ የለውም። ኮምፒውተሩ ደግሞ አልነሳ ካለ ሰንብቷል።

ኮምፒውተር ጠጋኙ ናኦድ ተጠርቶ መጣ፤ ፈታታውና ከሆዱ ውስጥ አንድ ከባድ ዲስክ አወጣ።

"እትዬ፣ ኮምፒውተሩ ሞቷል። ዲስኩ ግን ደህና ነው፣ ቤት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። የእኔ ቤት ባለፈው ሳምንት ተቃጠለ እንጂ ዛሬውኑ እንጨርሰው ነበር።"

እትዬ ባፈና ደረታቸውን ያዙ። "በሞትኩት። ልጆቹስ ተረፉ?"

"የሰው ቤት አይደለም እኮ። ዲስክ የሚሰካበት ዕቃ ነው፤ እኛ ቤት እንለዋለን። ዲስኩን ከላይ ሰክተን፣ ገመዱን ከላፕቶፔ ጋር ስናገናኘው ያለውን ሁሉ ያወጣል።"

"ታዲያ ዕቃ ተቃጠለ አትልም? ለምን ታስደነግጠኛለህ?"

"ይግዙና ሱቄ ይዘውት ይምጡ።"

"የባለቤቴን ሳቅ የምሰማው በቤቴ ነው። ሰው ሱቅ ቆሜ አልሰማም።"

እንዲህ ሆነና ዲስኩ ያለ ቤት አልናገር አለ፣ ሳቁም አልወጣ አለ።

እትዬ ባፈና ዲስኩን በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ጎረቤት "ወዴት ነው?" ብላ ብትጠይቃቸው "ለባለቤቴ ቤት ልፈልግ" አሏት። ሴትዮዋ ቆማ አማተበች።

የኤሌክትሮኒክስ ባለሱቋ ሰሚራ ሦስት ዓይነት ቤት ደረደረችላቸው። የመጀመሪያው ትንሽና የሚያብረቀርቅ ነበር። ዲስኩን ቢያስጠጉት አፉ ጠበበ።

"ይሄ የላፕቶፕ ዲስክ ቤት ነው" አለች ሰሚራ። "የእርስዎ ዲስክ ትልቅ ነው።"

"ትልቅ መሆኑን እያየሽ ለምን አወጣሽው?"

ሁለተኛው ሰፊ ነበር፤ ሁለት አፍና አንዲት ቁልፍ ነበሩት።

"ይሄ ባለ ሁለት ክፍል ነው። ሁለት ዲስክ ሰክተው ቁልፏን ሲጫኑ ያንዱን ወደ ሌላው ይገለብጣል። አቅጣጫውን እንዳይሳሳቱ ብቻ፤ ከተሳሳቱ ባዶው በሙሉው ላይ ይገለበጥና የነበረው ይጠፋል።"

እትዬ ባፈና ዲስኩን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "ባለቤቴን አንድ ጊዜ ቀብሬዋለሁ። ሁለተኛ የሚቀብር ቁልፍ ቤቴ አይገባም። አንድ ክፍል ይበቃዋል።"

ሦስተኛው አፉ ሰፊ፣ ክፍሉ አንድ፣ የመገልበጫ ቁልፍ የሌለው ነበር። እሱን ገዙ። ጥሩ መረጡ፤ ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት፣ ግን አላለቀም።

ቤታቸው ሲደርሱ ናኦድ ላፕቶፑን ይዞ ጠበቃቸው። ዲስኩ ቤቱ ውስጥ ልክ ገባ። ነገር ግን ያ ቤት ከመብራት የሚሰካ የራሱ ገመድ ነበረው፤ የገመዱ ሶኬት ባለ ሦስት እግር ነው፣ የእትዬ ባፈና ግድግዳ ደግሞ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ሦስት እግር ተቀብሎ እሱ በሁለት እግር ግድግዳው ላይ የሚሰካ ማከፋፈያ ሰሚራ ዘንድ አልቋል። እኔን የሚያበግነኝ ይሄ ነው። ሰው ሳቅ ይፈልጋል፣ ዕቃው እግር ይቆጥራል። ሶኬቱ አልገባ አለ፣ ቤቱ አልነቃ አለ፣ ዲስኩ አልናገር አለ፣ ሳቁም አልወጣ አለ።

"ሽመልስ ጋ አንድ ማከፋፈያ አይቻለሁ" አለ ናኦድ። ሽመልስ አጥር የሚጋራቸው ፀጉር አስተካካይ ነው። እትዬ ባፈና እየተንደረደሩ ሄዱ። ማከፋፈያው እውነትም አለ፤ ያለው ግን የደንበኛው ወንበር አጭር እግር ስር ተሸጉጦ ነው።

"መብራት የሚያከፋፍልን ዕቃ ወንበር ታሸክመዋለህ?" አሉት።

"ምን ላድርግ እትዬ? የወንበሩ እግር ተሰብሯል። እሱን ካወጣሁት ወንበሩ ያዘነብላል። እኔ ደግሞ ምላጭ ይዤ ሰው አንገት ላይ ነኝ። ጋሽ ረጋሳ እግሩን ከሠሩልኝ አሁኑኑ ይውሰዱት።"

ወንበሩ አልቆም አለ፣ ማከፋፈያው አልወጣ አለ፣ ሶኬቱ አልገባ አለ፣ ቤቱ አልነቃ አለ፣ ዲስኩ አልናገር አለ፣ ሳቁም አልወጣ አለ።

ረጋሳ ከመንገዱ ማዶ ያለ አናጺ ነው። እትዬ ባፈና ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። "አንተው ሂድና ጠይቀው" አሉት ሽመልስን። ሽመልስ ሄደ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"አልሠራም አሉ። 'ለእሳቸው ብዬ ነው መዶሻ የማነሳው? ከልጃቸው ሰርግ ጀምሮ ሰላምታ ነፍገውኛል። ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ቀና ብለው አላዩኝም። ልሳነወርቅ የእኔም ሰው ነበር። አንድ እንደምን አደርክ ይበሉኝ፣ እሠራለሁ' አሉ።"

"በሠራው አግዳሚ በልጄ ሰርግ፣ በአማቶቼ ፊት፣ መሬት ላይ የዘረጋኝን ሰው ነው ሰላም የምለው? አልልም።"

እንግዲህ ልብ በሉ፣ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የት እንደደረሰ። እትዬ ባፈና ሰላም አልል አሉ፣ ረጋሳ መዶሻ አልይዝ አለ፣ ወንበሩ አልቆም አለ፣ ማከፋፈያው አልወጣ አለ፣ ሶኬቱ አልገባ አለ፣ ቤቱ አልነቃ አለ፣ ዲስኩ አልናገር አለ፣ ሳቁም አልወጣ አለ። ስንት ሰው ስወቅስ ቆይቼ ጫፉን የያዙት ራሳቸው ሆነው አገኘኋቸው፤ በሳቸውም ተናደድኩ።

እትዬ ባፈና ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ። ኮቱን አዩት፣ ፎቶውን አዩት፣ ሳቁን ለማምጣት እንደገና ሞከሩ። አንድ ሳቅ መጣላቸው፤ የወንድማቸው ነበር። ያን ጊዜ አለቀሱ። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው መንገዱን ተሻገሩ።

"እንደምን አደርክ፣ ረጋሳ" አሉ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው።

ረጋሳ ከሥራው ቀና አለ። "እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን አደሩ?"

"ተናድጄ።"

"ይሁን፣ ይበቃኛል" አለና መዶሻውን አነሳ።

እትዬ ባፈና ሰላም አሉ፣ ረጋሳ መዶሻ ያዘ፣ ወንበሩ ቆመ፣ ማከፋፈያው ወጣ፣ ሶኬቱ ገባ፣ ቤቱ ነቃ፣ ትንሽዬ ሰማያዊ መብራትም አበራ፣ ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ። ናኦድ የሰርጉን ቪዲዮ ከፈተ። ሽመልስ በር ላይ ቆመ፤ ረጋሳም ሳይጠራ መጥቶ ከኋላው ቆመ።

ድንኳኑ ታየ፣ ሙሽራዋ ታየች። እትዬ ባፈና በሐበሻ ቀሚስ ተሽሞንሙነው መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አግዳሚው ተሰበረ። ከነቀሚሳቸው መሬት ላይ ሆነው፣ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ረጋሳ፣ ይሄ አግዳሚ ነው ወይስ ወጥመድ?" ሲሉ ተሰማ።

ከዚያ ሳቁ መጣ። ሲጀምር ሳል ይመስላል፣ ከዚያ ይሰበራል፣ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። አቶ ልሳነወርቅ የረጋሳን ትከሻ ተደግፈው፣ ሚስታቸውን ለማንሳት እጃቸውን እየዘረጉ፣ ማንሳት አቅቷቸው እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ።

ረጋሳ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"እኔ ወድቄ እሱ ይስቃል" አሉ እትዬ ባፈና፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "ሰው እንዴት አያፍርም? ረጋሳ፣ ና ተቀመጥ፣ ምን ይገትርሃል። ናኦድ፣ አንተ ደግሞ ወደ ኋላ መልሰውና እንደገና ጣለኝ።"

ተረቴን እዚህ ጥዬዋለሁ፤ ያገኘ ያንሳው።