ቀበሮ ያመሰገናት ሽኮኮ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ! «ከየት አገር?» በሉ እንጂ፣ ምን ታፈጡብኛላችሁ! እንዲያ ነው። ስሙ ከጠፋ አገር። «መቼ የሆነ?» አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረ ጊዜ። «በል አራግፈው!» ጎሽ፣ ተረት የሚሰማው እንዲህ ነው።

አንተ አስማረ፣ እግርህን ሰብስብ። የተቀመጥክበት በርጩማ የእናትህ አይደለም እንዴ? ተወው፣ አሁን አትነሳ፤ ብትለቅላትም አትቀመጥበትም። ስንዱ! ነይ ልጄ፣ ተረት ስሚ። እናታችሁን ሰማችኋት? «እናንተ ስሙ፣ እኔ እዚሁ ምድጃው ጋ ቆሜ እሰማለሁ» አለች። ይሁን። ቆማም ቢሆን ጆሮዋ እዚህ ነው።

ድሮ ድሮ፣ በአንድ ገደላማ አገር፣ ትልቅ ቋጥኝ ነበረ። በቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ ደልዳሊት የምትባል ሽኮኮ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ስም ያወጡላት አይተው ነው፤ ደልደል ያለች፣ ስትቀመጥ ድንጋዩን የምትሞላ ሴት ነበረች። ትልቁ ልጇ አንበርብር ይባላል። መካከለኛው ድንቡሽ ነው። ትንሿ ልጅ ሌላ ስም ነበራት፣ ግን «ለምን?» ማለት ስለምታበዛ ለምንዬ ብለው ጠሯት፤ በዚያው ቀረ።

ሽኮኮን አይታችሁት ታውቃላችሁ? ጠዋት ጠዋት ይወጣና ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። ሰነፍ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ሽኮኮ ጠዋት ፀሐይ ካልሞቀ ቀኑን ሙሉ ደንዝዞ ነው የሚውለው፤ እግሩ አይታዘዘውም፣ ዓይኑም ይፈዛል። ታዲያ ሁሉም ዓይኑን ጨፍኖ ከሞቀ፣ ንስሩን ማን ያየዋል? ቀበሮውንስ? ስለዚህ አንዱ ዘብ ይቆማል። የዘቡ ድንጋይ ጥላ ውስጥ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ግን መንገዱን ቁልቁል የሚያሳየው እሱ ብቻ ነው። ዘቡ ጠላት ሲያይ ያፏጫል፣ ሌላው ዘሎ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የሽኮኮ ሕግ ደግሞ ጥርሱ ከከንፈሩ ያለፈ ሁሉ በተራው ዘብ ይቁም ይላል።

የደልዳሊትን ባል ንስር የወሰደው ልጆቹ ገና ሕፃናት ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ ዘቡን ብቻዋን ያዘችው። ደግ አደረገች! ሕፃን ዘብ አይቆምም። ጠዋት ልጆቿን ፀሐይ ላይ ታሰጣና «እናንተ ሙቁ፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ለስላሳ ሣር ስታገኝ «እናንተ ብሉ፣ እኔ አለሁ» ትላለች። ሲመሽ ደግሞ በስንጥቁ አፍ ላይ ትቀመጥና «እናንተ ተኙ፣ እኔ አለሁ» ትላለች።

ልጅ ግን ያድጋል፤ ምን ይደረግ! አንበርብር አደገ፣ ድንቡሽ አደገ፣ የለምንዬም ጥርስ ከከንፈሯ ብቅ አለ። ደልዳሊት ግን አሁንም «እናንተ ሙቁ፣ እኔ አለሁ» ነው። ወገቧ ሟሸሸ። ያ ሁሉ ድንጋይ የሚሞላ ገላ ቆዳና አጥንት ቀረ። የሽኮኮ መዳፍ ወዛም ነው፣ ገደል ላይ ሙጭጭ ብሎ ይይዛል፤ የእሷ መዳፍ ግን ከብርዱ ብዛት ደርቆ ተሰነጣጠቀ።

በቋጥኙ ሥር አንድ ቀበሮ ይኖር ነበር። ሆዱ ባዶ፣ ምላሱ ማር። ስንት ጊዜ ሊሾልክ ሞክሮ ደልዳሊት በፉጨቷ መለሰችው። በጉልበት እንዳልሆነለት ሲያይ መላ ቀየረ። ጠዋት ይመጣና ራቅ ብሎ ይቆማል።

«እንዴት አደርሽ እመት ደልዳሊት! ዛሬም አልሞቅሽም?»

«አልሞቅሁም።»

«ዛሬም አልተኛሽም?»

«አልተኛሁም።»

«እናት ማለት እንዳንቺ! የሌላውማ መች እናት ሆነና!» ይላትና ጭራውን እየነሰነሰ ይሄዳል።

ደልዳሊትም ደስ ይላታል። ለምን አይላት? ልጆቿ አንድ ቀን «እግዜር ይስጥሽ» ብለዋት አያውቁም። ከቀበሮ አፍም ቢሆን ምስጋና ምስጋና ነው፣ ጆሮ ይገባል። አስማረ፣ አንተ ምን አስቀረቀረህ? ዝም ብለህ ስማ።

አንድ ቀን አንበርብር መጣና «እማዬ፣ ዛሬ እኔ ልቁምልሽ» አላት።

«አንተ? ምን ቁመት አለህና! ገና ልጅ ነህ።»

«ጥርሴን እስቲ እይው፣ ከንፈሬን አልፏል።»

«እሱ ጥርስህ አድጎ አይደለም፣ ከንፈርህ ስለሳሳ ነው!» አለችው።

ያን ቀን ግን ብርዱ በርትቶባት ነበር። ፀሐዩን አየችው፤ ልቧ ሄደ። «እሺ እስቲ ለትንሽ ጊዜ...» ብላ ሳትጨርስ ቀበሮው ከታች ጮኸ።

«ምነው! ምነው! ጆሮዬ ነው? ልጇን ጥላ ላይ አቁማ እሷ ፀሐይ ልትሞቅ? አይ የዘንድሮ እናት! እኔስ ደልዳሊት ትለያለች ብዬ ነበር!»

ደልዳሊት በእፍረት ሽምቅቅ አለች። «ሂድ፣ ሂድ ሙቅ፣ እኔ አለሁ» ብላ ልጇን መለሰችው።

ይህን ሁሉ ለምንዬ ተጋድማ ስትሰማ ነበር። ተነሥታ እናቷ አጠገብ ሄደች።

«እማዬ፣ ቀበሮ የሚፈልገው እኛን መብላት አይደል?»

«ነው እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ እንዳይበላን ነው የምትጠብቂን?»

«ታዲያስ!»

«በደንብ ከጠበቅሽን እሱ በረሃብ ይሞታል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ያመሰግንሻል?»

መልስ ያጣ ትልቅ ሰው ምን ይላል? «ዝም በይ፣ ሂጂ ሙቂ!» ይላል። እሷም እንደዚያው አለች። ጥያቄው ግን እንደ እሾህ ውስጧ ቀረ።

ውሎ አድሮ የፈራነው መጣ። አንድ ጠዋት ደልዳሊት ዘብ ላይ እንደቆመች ዓይኗ ተከደነ። መተኛቷን እንኳ አላወቀችም። ቀበሮው ስንት ጊዜ ሲጠብቅ ኖሯል! በሆዱ እየተሳበ ወጣ፤ በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ አልነቃችም። ዘሎ የለምንዬን ታፋ ያዘ። እሪ! አለች ልጅቷ። ደልዳሊት ብንን ብላ ልታፏጭ አፏን ብትከፍት ድምፅ የለም። ልትዘል እግሯን ብታነሣ እግሯ እምቢ። የገዛ ልጇ በቀበሮ አፍ እያለች ቆማ አየቻት። ከዚህ የባሰ ምን አለ? አንበርብር ነው የደረሰ! ያ «ገና ልጅ» የተባለው። በዚያ «ከንፈሩ ስለሳሳ» በሚታየው ጥርሱ የቀበሮውን አፍንጫ ነከሰው፤ ድንቡሽም ጆሮውን ይዞ ተንጠለጠለበት። ቀበሮው ለምንዬን ጥሎ እያለከለከ ወረደ።

ለምንዬ ተረፈች፤ ታፋዋ ግን ተቦጭቋል። ደልዳሊት ቁስሏን እየላሰች ታለቅስ ጀመር።

«ተኛሁ! ልጄ ስትበላ ተኛሁ! እኔ ምኑን እናት ሆንኩት! ከእንግዲህ ዓይኔን ብከድን ዓይኔ ይጥፋ! ከእንግዲህ እህል ብቀምስ...»

«እማዬ» አለች ለምንዬ፣ ቁስሉ እያማት፣ «እኔ ዘብ ቆሜ እንቅልፍ ቢጥለኝ ኖሮ ምን ትይኝ ነበር?»

«አንቺንማ... ደክሞሽ ነው ልጄ፣ ነይ ሙቂ፣ ትንሽ ቅመሺ እልሽ ነበር እንጂ ምን እላለሁ!»

«ትረግሚኝ ነበር?»

«አፌን ይቁረጠው!»

«ታዲያ ራስሽን ለምን ትረግሚያለሽ?»

ደልዳሊት መራገሟን ትታ ቁስሉን መላስ ቀጠለች። ይህቺ ልጅ!

በማግስቱ ቀበሮው አፍንጫው እንዳበጠ መጣ። አያፍርም እኮ! እንደ ወትሮው ራቅ ብሎ ቆመና «እንዴት አደርሽ እመት ደልዳሊት! አይዞሽ፣ የትናንቱ ያጋጥማል። ከዛሬ ጀምሮ ግን ቆራጥ ሁኚ። እንቅልፍ የለ፣ ፀሐይ የለ፣ ምግብ የለ! እናት ማለት እንዳንቺ!» አላት።

ያን ጊዜ ያ እሾህ ወጋት። «ለምን?» አለች በሆዷ። «ይህ ሰውዬ እንዳልተኛ ለምን ይለፋል? እንዳልበላስ ምን ቸገረው?» አሰበች፣ አሰበች፣ ገባት። ጠግቦ የተኛ ዘብ ተራው ሲደርስ ነቅቶ ይቆማል። ቀበሮ የሚፈልገው ያልተኛውን፣ ቆሞ የሚያንቀላፋውን ነው! ስንት ዘመን ሙሉ ያመሰገናት ሊበላት ሲያበስላት ኖሯል። ተናደደች፤ በቀበሮው ብቻ አይደለም፣ በዚያ ምስጋና ሆዷን ሞልታ በመኖሯም ጭምር። ግን ራሷን አልረገመችም። «ደክሞኝ ነው» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ስትል።

ለቀበሮው ግን ይህን አልነገረችውም። ድምፅዋን አለሳልሳ «እውነትህን ነው አያ ቀበሮ፣ ከእንግዲህ ዓይኔን አልከድንም» አለችው። እሱም «አሁን ጥቂት ብታገሥ ትወድቃለች» ብሎ እየተደሰተ ሄደ።

«አንበርብር!» ብላ ተጣራች። «ና፣ ዘቡ የአንተ ነው። ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቀህ ቁም፣ እንዳያይህ። ሲደክምህ ድንቡሽ ይተካሃል። የለምንዬ ቁስል ሲደርቅ እሷም ተራ ትገባለች።»

እሷ ሄዳ ፀሐይ ላይ ተጋደመች። ቀላል መሰላችሁ? ገና ጀርባዋ ሳይሞቅ ቀና ብላ «አንበርብር፣ በግራ በኩል እያየህ ነው?» አለች። ተመልሳ ተኛች። ደግሞ ቀና አለች። «ድንቡሽ፣ በላህ?» ሦስቱም ልጆች ባንድ አፍ መለሱላት።

«አንቺ ሙቂ፣ እኛ አለን!»

ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሆድ ብሷት አይደለም፤ ስንት ዘመን ስታበድረው የኖረችው ቃል ወደ እሷ ሲመለስ ጊዜ ነው። አልቅሳ ስታበቃ ተኛች፤ እንዴት ያለ እንቅልፍ! ስትነቃ ለስላሳው ሣር አፏ ሥር ተቀምጧል። ቀበሮው ለምስጋናው ሲመጣ ብቻ የዘቡ ድንጋይ ላይ ብቅ ብላ «አልተኛሁም» ትለዋለች፤ እንዲህ ሆና ሰነበተች። ወገቧ ተመለሰ፣ መዳፏ ወዛ፣ ዓይኗ ጠራ።

ደኅና ሲሰማት አንድ ጠዋት ራሷ ዘብ ድንጋዩ ላይ ወጣች። አንገቷን ደፋ፣ ቀና፣ ደፋ፣ ቀና አደረገች። መጨረሻ ላይ ጥቅልል ብላ ማንኮራፋት ጀመረች። አታንኮራፉ እናንተ፣ እሷ ናት ያንኮራፋችው!

ቀበሮው ምራቁን እየዋጠ ወጣ። «ዛሬስ ራሷን ነው የምበላት» አለና ዘለለ። ደልዳሊት እግሩ መሬት ሲለቅ ጠብቃ ገለል! ከኋላዋ ቁልቁል ያዘነበለው ዝርግ ድንጋይ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከቅድመ አያቶቻቸው ጀምሮ ሽኮኮዎች ሁሉ ሽንታቸውን የሚሸኑበት ነው። ነጭ ሆኖ፣ ልሞ፣ ያሟልጫል። የሽኮኮ መዳፍ ይይዝበታል፤ የቀበሮ ጥፍር ግን ምን ሊይዝ! ሙልጭ፣ ሙልጭ፣ ሙልጭ እያለ ወርዶ ኩሳቸው የተከመረበት ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ አለ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ ሽኮኮዎቹም እስኪያማቸው ስቀዋል።

ደልዳሊት ከላይ ሆና ጮኸችለት።

«እንዴት አደርክ አያ ቀበሮ! ዛሬ ሞቄአለሁ! ዛሬ ተኝቻለሁ! ዛሬ በልቻለሁ! ምነው፣ አታመሰግነኝም?»

ያ ሽታ ወንዝ ቢገባ አልለቀቀው፣ አፈር ላይ ቢንከባለል አልለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ገና ከሩቅ ሲመጣ በአፍንጫ ይታወቅ ጀመር። ልጆቹም ተራ ገብተው ዘብ ቆሙ፤ ደልዳሊትም በተራዋ ትቆማለች፣ በተራዋ ትሞቃለች። አገሩም እንዲህ ብሎ ተረተ፦

ለልጆቿ ብላ ያልተኛች እናት፣
ቀበሮ ሲመጣ እንቅልፍ ያዛት።

አለቀ። ምን ታዩኛላችሁ? እኔን ሳይሆን ወደዚያ እዩ። አሁንም ቆማ ነው የሰማችው፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ስንዱ፣ ጭስ ነው እንዳትይኝ። ጎሽ አስማረ፣ ሳልነግርህ ተነሣህ። እንግዲህ፦

ተረቴን ላልሰሙት አድርሱ፣
የእናታችሁን በርጩማ መልሱ።