የመምህር ይርዳው ቀይ መጽሐፍ

በአንድ ወቅት ቢቸና ውስጥ መምህር ይርዳው የሚባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። አንድ ሺህ የሚሆኑ መጻሕፍት ነበሯቸው። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ግን ርእስ ማንበብ አቃታቸውና አንዱን ለመፈለግ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ጀመር። ቀለም ብቻ አሁንም ይለያሉ።

ይህን ያየች ትልቋ ልጃቸው ጽጌማርያም፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ አቀርቅራ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ በቀለም ወረቀት ለበጠች፤ ታሪኩን በቀይ፣ መንፈሳዊውን በቢጫ፣ ልብ ወለዱን በሰማያዊ፣ የእርሻና የእንስሳቱን በአረንጓዴ። እንዳይወልቅም በኮላ አጣበቀችው። መምህሩ መርቀው አልጠገቡም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ እያለከለኩ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸው ወንድም ቤቱ ይገባኛል ብሎ ከሷቸዋል።

«መምህር፣ ያን አደራ ያልኩዎትን፣ ባሌ ቤቱን የሰጠኝን የስጦታ ውል ይስጡኝ። ቀጠሮው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው። እሱ ከሌለ ከቤቴ መውጣቴ ነው።»

መምህሩ ወዲያው ተነሡ። ዓይናቸው ሳይደክም ውሉን በተቀበሉ ዕለት ሲያነቡት በነበረው መጽሐፍ ውስጥ ሸጉጠውታል፤ ሽፋኑ ቀይ ነው። ወደ መደርደሪያው ዞሩና ባሉበት ደርቀው ቀሩ። ድሮ ቀይ የነበረው አሁን ምን ለብሶ ይሆን?

«የምን መጽሐፍ ነበር አባዬ?» አለች ጽጌማርያም። «ዓይነቱን ብቻ ንገረኝ፣ አሁን አወጣዋለሁ።»

«ቀይ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ሌላስ?»

ሌላ አይታወሳቸውም። ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አርባ ዓመት አስተምረው በስተርጅና አደራ በላ ሊባሉ ነው! በንዴት ጮኹ፦ «ውሉን ያገኘ ሰው ይህን ሁሉ መጽሐፍ ይውሰደው!»

ልጃቸው ማስረሻ ይህን ሲሰማ ዘሎ ተነሣ። ከመጀመሪያው መደርደሪያ ጀምሮ መጻሕፍቱ የተለበጡበትን ወረቀት ይቦጫጭቅ ጀመር። እህቱ እጁን ብትይዘው፣ «ሴትዮዋ ቤቷን ልታጣ ነው፣ አንቺ ለወረቀት ታለቅሻለሽ?» ብሎ አስለቀቃት። አራት ሰዓት አለፈ፣ አምስት ሰዓት አለፈ። ወለሉ በቁርጥራጭ ተሸፈነ። ውሉ የለም።

ትንሿ ልጃቸው እናኑ መጽሐፍ አልነካችም። ወደ ግቢው ወጥታ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከሚያለቅሱት ወይዘሮ ትርንጎ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ ውሉን ያመጡ ዕለት አባዬ ምን እያደረገ ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ... እጃቸው አብጦ ነበር። ‹መጽሐፉ እንዳለው ባደርግ ነደፉኝ› ብለው አሳቁኝ።»

«የንብ መጽሐፍ ነው!» እያለች እናኑ ወደ ቤት ሮጠች።

ጽጌማርያም ለአፍታ እንኳ አላመነታችም። ከአረንጓዴዎቹ መካከል የንብ እርባታ መጽሐፉን መዝዛ አወጣች። ገጾቹን ገለጠች፣ ዘቅዝቃ አራገፈችው፤ ምንም የለም። «ይሄም አይደለም» ብላ ልትመልሰው ስትል ማስረሻ ነጥቋት አረንጓዴውን ወረቀት ገሸለጠው። ከሥሩ ቀይ ሽፋን ብቅ አለ። ውሉም በሽፋኑ እጥፋት ውስጥ፣ ጽጌማርያም ሳታውቅ ባጣበቀችው ወረቀት ታፍኖ ተገኘ።

ወይዘሮ ትርንጎ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ ፍርድ ቤት ደረሱ። በወሩ ቤቱ ለእሳቸው ተወሰነ።

በመምህሩ ቤት ግን ጭቅጭቁ ያን ቀን ጀመረ።

«እኔ ባልለያቸው ከሺህ መጽሐፍ መካከል እንዴት ይገኝ ነበር?» አለች ጽጌማርያም።

«አንቺው ነሽ የቀበርሽው» አለ ማስረሻ። «ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«አንተ ግማሹን ቤት ቦጫጭቀህ መቼ አገኘኸው?» አለች እናኑ። «የምን መጽሐፍ እንደሆነ የነገርኳችሁ እኔ!»

«አንቺማ አንድ መጽሐፍ እንኳ መቼ አነሣሽ!» አሏት ሁለቱም ባንድ አፍ።

መምህር ይርዳው አንዷን ሲሰሙ እውነት አላት፣ ሌላውን ሲሰሙ እሱም እውነት አለው። ቃላቸውን ማጠፍ አይችሉም፤ መጻሕፍቱን ከሦስት መክፈል ደግሞ ሞታቸው ነው። እስካሁን አልወሰኑም። ሦስቱም በየፊናቸው እያኮረፉ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ መጻሕፍቱ የሚገቡት ለማን ነው?